ለሥራ የሚሆን ላፕቶፕ፦ ቲንክፓድ፣ ኤሊትቡክ፣ ላቲቲዩድ ወይስ ማክ?

ሰኔ_ሠላሳ

ሰላም ለሁላችሁ። ኦዲተር ነኝ። ቢሯችን ሜክሲኮ አካባቢ ነው፤ እኔ ግን ወንበሬ ላይ የምገኘው ከስንት አንዴ ነው። ዛሬ ካዛንቺስ፣ ነገ ስታዲየም፣ ከነገ ወዲያ አራት ኪሎ፣ ደንበኛ ቢሮ ነው የምውለው። የምሄደው በሚኒባስ ነው። ሰልፉ ሲበዛ በእግሬ።

አሁን የያዝኩት ለቤት የሚገዛ ዓይነት ላፕቶፕ ነው። ማጠፊያው ተሰብሮ ስክሪኑን ግድግዳ አስደግፌ እሠራለሁ። ባትሪው ደግሞ መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል።

ሐምሌ ገብቶ የሒሳብ መዝጊያው ሩጫ ሳይጀምር መቀየር አለብኝ። አዲስ ለመግዛት አቅሜ አይፈቅድም። ከሐምሌ 2016ቱ የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ የአዲስ ዋጋ መጠየቅም ትቻለሁ። ከውጭ የገባ፣ ስላይትሊ ዩዝድ የሚሉትን ነው የማስበው። ሱቅ ለሱቅ ስዞር ደጋግመው ያሳዩኝ አራት ናቸው፦ ቲንክፓድ ቲ480፣ ኤችፒ ኤሊትቡክ 840 ጂ5፣ ዴል ላቲቲዩድ 7490 እና ማክቡክ ኤር ኤም1። ሦስቱ ዋጋቸው ተቀራራቢ ነው፤ ማኩ ወደድ ይላል።

ሥራዬ ትልልቅ የኤክሴል ፋይል፣ ፒችትሪ (የሒሳብ ፕሮግራም)፣ ስካን የተደረገ ሰነድ፣ አንዳንዴ ዙም ነው። ጌም የለም፣ ቪዲዮ ኤዲቲንግ የለም። የትኛው ይበረክታል? የትኛው ትከሻ አይጎዳም? አንድ ሻጭ ደግሞ "አይ7 ካልሆነ እንዳትገዢ" ብሎኛል። እውነት ነው?

ማክ_ነኝ

ማክቡክ ኤር። ውይይቱን መዝጋት ይቻላል።

የምሬን ነው፤ 1.29 ኪሎ ነው፣ ፋን የሚባል ነገር የለውም፣ ድምፅ የለውም። ጠዋት ከቤት ስወጣ ቻርጀር ይዤ አልወጣም። መብራት ሄደ መጣ የሚለው ወሬ እኔን አይመለከተኝም።

ሰኔ_ሠላሳ

እሺ፣ ፒችትሪስ?

ማክ_ነኝ

እ... እሱን አላሰብኩትም።

አራት_ኪሎ_ኮደር

ማክ_ነኝ፣ ወንድሜ፣ ለእኔና ለአንተ ማክ ጥሩ ነው። እኔም ኮድ የምጽፈው በእሱ ነው። ለእሷ ግን አይሆንም። ፒችትሪ የዊንዶውስ ፕሮግራም ነው። ድሮ ኢንቴል ያለባቸው ማኮች ላይ በቡት ካምፕ ዊንዶውስ መጫን ይቻል ነበር፤ ከኤም1 ጀምሮ እሱ ቀርቷል። በሌላ ሶፍትዌር ውስጥ የአርም ዊንዶውስ፣ ማለትም ለእንደ ኤም1 ላሉ ፕሮሰሰሮች የተሠራውን፣ ማስኬድ ይቻላል፤ ግን በኦዲት መሀል፣ ደንበኛው አጠገቧ ቆሞ እያየ፣ የቆየ የሒሳብ ፕሮግራም በዚያ መንገድ ይከፈት አይከፈት የሚለውን ልትሞክር ነው? ተዪው እህቴ።

የማኩ ሌላው ችግር ራሙም ስቶሬጁም ቦርዱ ላይ የተበየዱ መሆናቸው ነው። 8 ጊጋ ገዝተሽ ነገ 16 ቢያምርሽ፣ ማክ መቀየር ነው።

የቦርድ_ሐኪም

ላፕቶፕ ጠጋኝ ነኝ፣ ለገሃር አካባቢ። ረጅም ነው የምጽፈው፤ ቡና ይዘሽ ተቀመጪ።

መጀመሪያ ማጠፊያውን ላንሣ። ለቤት የሚሸጡት ላፕቶፖች አብዛኞቹ ላይ የማጠፊያው ብሎን የሚይዘው ፕላስቲክ ውስጥ በተቀበረች ትንሽ ነሐስ ነው። ማጠፊያው በጊዜ ይጠነክራል፣ ፕላስቲኩ ይደክማል፣ አንድ ቀን ክዳኑን ስትከፍቺ ቀጭ ይላል። አንቺን ያገኘሽ ይኸው ነው። እነዚህ ያሳዩሽ ሦስቱ የቢሮ ማሽኖች ማጠፊያቸው የተሻለ መሠረት አለው። ለዚህ ነው ለቢሮ የሚገዛና ለቤት የሚገዛ የሚለየው። ኤችፒ ስላልሽ ብቻ ፓቪሊዮንና ኤሊትቡክ አንድ አይደሉም። ዴልም ኢንስፓይሮንና ላቲቲዩድ ለየብቻ ናቸው። ሌኖቮም እንደዚያው፤ አይዲያፓድ ሌላ፣ ቲንክፓድ ሌላ።

ሁለተኛው ነገር መለዋወጫ ነው። ስለ ጥንካሬ ስታስቢ "አይሰበርም ወይ" ብቻ አትበይ። "ሲሰበር ይጠገናል ወይ" በይ። ቲ480፣ 840 ጂ5፣ 7490፣ ሦስቱም የ2018 ማሽኖች ናቸው። ሦስቱም ላይ ራሙ ሁለት ሶኬት አለው፣ ኤስኤስዲው ይወጣል፣ ባትሪው ይቀየራል። ሦስቱም ኩባንያዎች የጥገና መመሪያቸውን በነጻ ኢንተርኔት ላይ አስቀምጠዋል፤ የትኛው ብሎን የት እንደሚገባ በሥዕል ያሳያል። ብዙ ስለገቡም ቦርዱ የሞተ አንዱ ለሌላው ስክሪን፣ ኪቦርድ፣ ክዳን ይሰጣል። እጅግ ቀጭን የሆነ ብርቅዬ ሞዴል ስታመጪልኝ ግን እኔም እጄን አጣጥፌ ነው የማይሽ።

ሦስቱን ካነጻጸርኩልሽ፦

ቲ480 ሁለት ባትሪ አለው። አንዱ ባለ 24 ዋት አወር (የባትሪ አቅም መለኪያ) ሆኖ ውስጥ ነው፤ ሌላው ከኋላ የሚወጣና የሚገባ ነው። የውጭው ትልቁ 72 ዋት አወር ይይዛል። የውስጡ ስላለ ማሽኑን ሳታጠፊ የውጭውን አውጥተሽ ሌላ ትሰኪያለሽ። ከዚያ በኋላ የመጡት የቲ ተከታታዮች ይህን ትተውታል። ትልቁን ባትሪ ስትሰኪበት ግን ከታች ያብጣል፣ ወደ ሁለት ኪሎም ይጠጋል። በትንሹ ባትሪ 1.6 ኪሎ ገደማ ነው። ኪቦርዱ ለቁጥር ሥራ ጣት አያደክምም።

840 ጂ5 አሉሚኒየም ነው፣ 1.5 ኪሎ ገደማ። ባትሪው 50 ዋት አወር፣ ውስጥ ነው። አቋሙ ደስ ይላል። አንዳንዶቹ ላይ ሹር ቪው የሚባል ከጎን የተቀመጠ ሰው እንዳያይ የሚከልል ስክሪን አለ። ለኦዲተር ይመቻል ትያለሽ፤ ግን ከለላው ሲጠፋም ቢሆን ከጎን ሲያዩት ስክሪኑ ይደበዝዛል። ሳትገዢ በፊት በዓይንሽ እዪው።

7490 ከሦስቱ ቀላሉ ነው፤ ከ1.4 ኪሎ ይጀምራል። ባትሪው 42 ወይም 60 ዋት አወር ነው፣ 60ውን ፈልጊ። መልኩ ዝም ያለ ነው፤ የሚሰርቅ ሰው እንኳን ደጋግሞ አያየውም።

የቱን ልውሰድ ትያለሽ? የማሽኑን ስም አልነግርሽም። ከሦስቱ የቱም ቢሆን ያቺ ፊትሽ ያለችዋ አንዷ ማሽን እንዴት ናት የሚለው ይበልጣል። አንድ ሞዴል ሆነው አንዱ ባንክ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ የኖረ ነው፣ ሌላው ሴልስማን መኪና ወንበር ላይ ሲንከባለል የከረመ ነው።

ባለ_ሱቁ

ጥሩ ብለሃል፤ አንድ ነገር ግን ልጨምር፤ እኛም ሱቅ ያለን ሰዎች ስማችን ይጠፋል። አሜሪካና አውሮፓ ድርጅቶች ላፕቶፕ በብዛት ገዝተው ወይም ተከራይተው ሦስት አራት ዓመት ተጠቅመው ይመልሳሉ። ተሰብስቦ፣ በደረጃ ተለይቶ ይሸጣል። አብዛኛው ጊዜ ወደ እኛ የሚደርሰው ይህ ነው። ለዚህ ነው አንድ ዓይነት ሞዴል በየሱቁ የምታዩት።

አይ7 የምንለው ደግሞ ደንበኛው ስለሚጠይቀን ነው። ሰው መጥቶ መጀመሪያ የሚለው "አይ7 አላችሁ?" ነው። አይ5 ስታሳየው ፊቱን ያዞራል።

አራት_ኪሎ_ኮደር

ባለ_ሱቁ፣ ደንበኛው ቢጠይቅም መንገር የእናንተ ነው እኮ። ሰኔ_ሠላሳ፣ ይህቺን ጻፊያት፦ አይ7-7600ዩ ሁለት ኮር (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ሥራውን የሚሠራው ክፍል) ነው። አይ5-8250ዩ አራት ኮር ነው። ማለትም እዚህ ላይ ከሰባተኛው ትውልድ አይ7 ይልቅ የስምንተኛው ትውልድ አይ5 ይበልጣል። ኢንቴል በስምንተኛው ትውልድ የቀጭን ላፕቶፖቹን ኮር ከሁለት ወደ አራት አሳደገ። ስቲከሩን ትተሽ ከስቲከሩ ቀጥሎ ያለውን ቁጥር አንብቢ። የመጀመሪያው አሃዝ ትውልዱ ነው፤ ከአሥረኛው ወዲህ ያሉት ደግሞ በ10፣ በ11 ይጀምራሉ።

በዚያው ትውልድ ውስጥ አይ5-8350ዩንና አይ7-8650ዩን ብታወዳድሪ ሁለቱም አራት ኮር ናቸው። ልዩነቱ ፍጥነትና ካሽ ነው። በኤክሴል ላይ "ዋው" የምትይበት ልዩነት አይደለም። በዚያ ገንዘብ ራሙን 16 አድርጊ።

ሌላም ምክንያት አለ። ዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከጥቂቶች በቀር ኢንቴል ከስምንተኛ ትውልድ በታች ያሉትን በይፋ አይቀበልም። የደንበኛ ሒሳብ ይዞ የሚዞር ሰው የደኅንነት ማስተካከያ በማይደርሰው ዊንዶውስ መሥራት የለበትም። ስለዚህ ቲ470 ወይም 840 ጂ4 በርካሽ ቢሰጡሽ፣ ሰባተኛ ትውልድ ከሆነ እለፊው።

ባለ_ሱቁ

በኡኡታ ብንነግርስ ማን ይሰማናል። ግን ልክ ነህ።

ዝም_ያለ_አንባቢ

አንዱ ሱቅ "ይሄ ወታደራዊ ፈተና ያለፈ ነው፣ ብትወረውረው አይሰበርም" ብሎኝ ነበር። ይህ ሚል ስፔክ የሚሉት ነገር እውነት ነው?

ኢንጂነሯ_ሠንጋተራ

እውነት ነው፣ ግን የሚመስልህን አይደለም። ሚል ስታንዳርድ 810 የአሜሪካ መከላከያ የፈተና ዘዴዎች ስብስብ ነው። ውስጡ ሙቀት፣ ቅዝቃዜ፣ እርጥበት፣ አቧራ፣ ንዝረት፣ ከፍታ፣ መውደቅ ብዙ ዓይነት ፈተና አለ። አምራቹ ከእነዚህ የፈለገውን መርጦ ይፈትናል። ምስክር ወረቀት የሚሰጥ መሥሪያ ቤት የለውም። ተማሪው ራሱ ጥያቄ መርጦ እንደሚፈተንበት ፈተና በለው።

ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም። ቢያንስ ኩባንያው ማሽኑን አንቀጥቅጦ፣ አሙቆ አይቶታል። ግን ፈተናውን ያየው አዲሱ ማሽን ነው፤ አንተ የምትገዛው ዓመታት የሠራውን ነው። ከዚያ ደግሞ "ብትወረውረው" የሚለው ወሬ ነው። በነገራችን ላይ የሚወረውር ሻጭ ካገኘህ የእሱን ስልክ ላክልኝ።

የቦርድ_ሐኪም

ከፍታ ካነሣሽ አይቀር፤ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር ትበልጣለች። አየሩ ከባሕር ዳርቻ ሲነጻጸር አንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል። ፋን የሚያቀዘቅዘው በአየር ነው፤ ስለዚህ ያው ፋን እዚህ ትንሽ ይበልጥ ይደክማል። አምራቾች ብዙውን ጊዜ እስከ 3000 ሜትር አካባቢ ይሠራል ስለሚሉ አያስፈራም። የሚያስፈራው አቧራው ነው። ኮሪደሩ ሲቆፈር ፒያሳና ካዛንቺስ የከረሙ ማሽኖችን ስከፍት ሙቀት ማውጫው ላይ ብርድ ልብስ የመሰለ ነገር አገኛለሁ። ዩዝድ ስትገዢ ገና ከመጀመሪያው አስከፍተሽ አስጠርጊው፣ ቴርማል ፔስቱንም አስቀይሪ። ብዙ ሰው "ላፕቶፔ ዘገየ" ብሎ ይመጣል። ፕሮሰሰሩ ሲሞቅ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ሌላ በሽታ የለበትም።

ጡረተኛው_አማካሪ

ልጆች፣ እኔ ቲንክፓድ ኤክስ1 ካርቦን ነው የያዝኩት፣ ስድስተኛው ትውልድ። ከ1.2 ኪሎ በታች ነው። በዕድሜ ለገፋ ትከሻ እንዲህ ዓይነት ነገር የለም። ለእመቤቲቱ ለምን አልተነገራትም?

አራት_ኪሎ_ኮደር

ጋሼ፣ ልክ ነዎት፤ ለመሸከም ከእሱ የሚሻል የለም። የእርስዎ ራሙ ስንት ነው? እሱ ቦርዱ ላይ የተበየደ ስለሆነ አይጨመርም። 16 ከሆነ ምንም አይሉትም። 8 ከሆነ ግን ክሮምና ኤክሴል አብረው ሲከፈቱ መጨናነቁን ያዩታል።

ጡረተኛው_አማካሪ

16 ነው። እኔም ክሮም የምከፍተው ለዜና ብቻ ነው።

የቦርድ_ሐኪም

ጋሼ እንግዲያው በእጅዎ ያለውን በደንብ ይያዙት። ሰኔ_ሠላሳ፣ ኤክስ1 ካርቦን ባለ16 ካገኘሽ እሱም ጥሩ ነው። ችግሩ ስክሪኑም ሆነ ሌላው መለዋወጫ ከቲ ተከታታዩ ያነሰ ይገኛል፣ ዋጋውም ከፍ ይላል።

ኪሎ ስታስቢ ደግሞ ቻርጀሩን አትርሺ። ሰው 1.3 ኪሎ እና 1.5 ኪሎ ላይ ይከራከርና ከዚያ ግማሽ ኪሎ ሊሆን የሚቀርብ ቻርጀር ከነገመዱ ቦርሳው ውስጥ ይጨምራል። እነዚህ አራቱም በታይፕ ሲ ቻርጅ ይሆናሉ። ትንሽ ባለ65 ዋት የታይፕ ሲ ቻርጀር ቢሮ፣ ሌላውን ቤት አስቀምጪ። 840ውና 7490ው ከታይፕ ሲው ሌላ የራሳቸው ክብ ቀዳዳ ስላላቸው አንዱ ቢበላሽ በሌላው ይሠራሉ። ቲ480 ያለው ታይፕ ሲ ብቻ ነው። በዚያ ላይ በዚያ ዘመን የነበሩ ቲንክፓዶች የተንደርቦልት (የፈጣኑ ታይፕ ሲ ወደብ) ፈርምዌር፣ ማለትም የውስጥ ሶፍትዌር፣ ስህተት ነበረባቸው፤ ማደሻ ካልተጫነ ያ ወደብ ሊሞት ይችላል። ሌኖቮ ማደሻውን አውጥቶለታል። ቲ480 ከገዛሽ መጀመሪያ የምታደርጊው እሱን መጫን ነው። ሳትገዢ በፊት ሁለቱንም የታይፕ ሲ ቀዳዳዎች ሞክሪ።

ሰኔ_ሠላሳ

ጎበዝ፣ እግዜር ይስጥህ። አንድ ጥያቄ፤ ደንበኛ ቢሮ ውስጥ የጓደኛዬን ኤሊትቡክ ቻርጅ ላይ እያለ ስነካው ይነዝረኛል። ትንሽ ነው ግን ያስደነግጣል። ማሽኑ ተበላሽቶ ነው?

የቦርድ_ሐኪም

ይህ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይመጣል፣ በደንብ ልመልስ።

ቻርጀሩ ውስጥ ጫጫታ የሚያጣሩ ትንንሽ ካፓሲተሮች አሉ። እነሱ በጣም ጥቂት ከረንት ያሳልፋሉ። መሬት የሚባለው መስመር ካለ ያ ከረንት በእሱ ይወርዳል። ከሌለ ወደ ላፕቶፑ ብረት ይመጣና አንቺ ስትነኪው በአንቺ በኩል መሬት ይፈልጋል። ፕላስቲክ ላፕቶፕ ላይ አይሰማም። አሉሚኒየም ላይ ግን ይሰማል፤ ማክም ኤሊትቡክም ላይ።

ለምን እኛ ጋ በዛ? የአሜሪካ ቻርጀር ጠፍጣፋ ጥርስ አለው። ሰው ያንን በአዳፕተር ወደ እኛ ሶኬት ይቀይረዋል፤ አዳፕተሩ ደግሞ ብዙ ጊዜ የመሬቱን መስመር ይቆርጠዋል። በዚያ ላይ ላላ ይልና ይሞቃል፣ ይፈነጥቃል። መፍትሔው ርካሽ ነው፦ አዳፕተሩን ጣይ፣ ከቻርጀሩ ጡብ ወደ ግድግዳ የሚሄደውን ገመድ ብቻ ቀይሪ። ባለ ሦስት ቀዳዳው ገመድ የትም ኤሌክትሮኒክስ ሱቅ አለ፣ ጫፉ የእኛ ክብ ጥርስ የሆነውን ግዢ። ጡቡ ራሱ ከ100 እስከ 240 ቮልት ይላል ጀርባው ላይ፤ የእኛ 220 ምንም አያደርገውም። ዲቫይደሩም መሬት ያለው መሆን አለበት፤ ካልሆነ ልፋቱ ከንቱ ነው። የድሮ ሕንፃ ከሆነ ግድግዳው ላይ ያለው ሶኬትም ራሱ መሬት ላይኖረው ይችላል።

ንዝረቱ ጠንከር ካለ ግን ቻርጀሩ ፎርጅድ ሊሆን ይችላል። እሱን አትንኪው።

መብራት ሲሄድ ደግሞ ቻርጀሩን ከሶኬት ንቀዪው። ሲመለስ መጀመሪያ የሚመጣው ቮልት ልክ የለውም። ቦርድ የሚያቃጥለው ሲመለስ ነው።

ማክ_ነኝ

ለካ እኔንም የሚነዝረኝ ለዚህ ነው። ስታቲክ መስሎኝ ነበር።

ኢንጂነሯ_ሠንጋተራ

እኔ ደግሞ ኢታብስና ሲቪል ስሪዲ በሚባሉ የምህንድስና ፕሮግራሞች የምሠራ ሰው ነኝ። ለእኔ እነዚህ ቁጥራቸው በዩ የሚያልቅ፣ ለቀጭን ላፕቶፕ የተሠሩ ፕሮሰሰሮች አይበቁም። በኤች የሚያልቅ ኃይለኛ ፕሮሰሰርና የራሱ ግራፊክስ ያለው ነው የምይዘው፤ ከባድ ነው፣ ባትሪው ይሞታል፣ ሊፍት ሲቆም ስምንተኛ ፎቅ ተሸክሞ መውጣት ቅጣት ነው። ኦዲተር ይህን ሸክም አይፈልግም። "ኃይለኛ ነው" ብለው ዎርክስቴሽን ሊሸጡልሽ ቢሞክሩ እምቢ በይ። በቃ ይህችን ነው የምለው።

ሰኔ_ሠላሳ

ሱቅ ስሄድ ምን ምን ልይ? ቆሜ እንዳላፍር በቀላል ንገሩኝ።

የቦርድ_ሐኪም

አታፍሪም፤ ገንዘቡ ያንቺ ነው። የሚቸኩል ሻጭ ካለ ውጪና ሂጂ።

ባትሪውን በአፍ አትመኚ። ዊንዶውስ ራሱ ሪፖርት ያወጣል። ኮማንድ ፕሮምፕት ክፈቺና ፓወርሲኤፍጂ የሚባለውን ትእዛዝ፣ ከዚያ ስፔስ፣ ስላሽ፣ ባትሪሪፖርት ብለሽ ጻፊ (powercfg /batteryreport)። አንድ ፋይል ያወጣልሻል። ውስጡ ባትሪው ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረው አቅምና አሁን የሚሞላው አቅም ተጽፈዋል። 50 ሺህ የነበረው 25 ሺህ ከሆነ ግማሽ ባትሪ ነው የምትገዢው፤ ዋጋውን በዚያ ልክ ተደራደሪ። "ባትሪው አዲስ ነው" ካሉሽ ይበልጥ ተጠንቀቂ። ቁጥሩ ጥሩ መስሎ ውስጡ ርካሽ የሆነ ባትሪ አለ። ለዚህ ሪፖርቱ አይበቃም፤ ከቻርጀር ነቅለሽ እዚያው ቆመሽ ቪዲዮ እያጫወትሽ እንዴት እንደሚወርድ እዪ። ታችፓዱ ከፍ ብሎ ከታየሽ ደግሞ ባትሪው አብጧል፤ እጅሽን አታስገቢ።

ስክሪኑን እዪ። ቲ480 1366 በ768 የሆነ ደካማ ስክሪን ያላቸውም አሉ። ኤክሴል ላይ ዓምዶቹ አይታዩሽም። 1920 በ1080 የሆነውን ውሰጂ።

የአገልግሎት ቁጥሩን ከታች አንብበሽ በስልክሽ የአምራቹ ድረ ገጽ ላይ አስገቢው። ዴል ሰርቪስ ታግ ይለዋል። መቼ እንደተሸጠ፣ ሲሸጥ ምን እንደነበረው ይነግርሻል። ቁጥሩ ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሣቱ በፊት የሚከፈተው የማሽኑ ማስተካከያ) ውስጥ ካለው ጋር ካልገጠመ ቦርዱ ተቀይሯል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን መቆለፊያው ነው። እነዚህ የድርጅት ማሽኖች ነበሩ። ባዮሱ ፓስወርድ ካለው፣ በተለይ ቲንክፓድ ላይ ሱፐርቫይዘር የሚሉት፣ ትንሿን የባዮስ ባትሪ አውጥቶ በመመለስ አይጠፋም። ሳትከፍዪ በፊት ባዮስ ውስጥ ግቢና ምንም እንደማይጠይቅሽ እዪ። ሌላው አውቶፓይለት ነው፤ ድርጅቶች ማሽኖቻቸውን በኢንተርኔት የሚመዘግቡበት የማይክሮሶፍት ሥርዓት። ዊንዶውስ እንደ አዲስ ሲጫንና ከኢንተርኔት ጋር ሲገናኝ "ወደ እንትን ድርጅት እንኳን ደህና መጡ" ብሎ የዚያን ድርጅት ኢሜይል ይጠይቃል። ሻጩ ከኢንተርኔት ውጭ ጭኖት ይሰጥሻል፤ አይታወቅሽም። አንድ ቀን ፎርማት ስታደርጊ ያን ጊዜ ብቅ ይላል። ስለዚህ እዚያው ሱቅ፣ ያንቺን ስልክ ሆትስፖት ከፍተሽ፣ ሪሴት አስደርጊውና ከመጀመሪያው ስክሪን ጀምሮ እዪው። ረጅም ጊዜ ይፈጃል፤ ይፍጅ።

ባለ_ሱቁ

ሐኪሙ እንጀራችንን ሊዘጋ ነው። ግን እኔ ጋ ቢመጡ ሪሴቱን ራሴ አደርጋለሁ፣ ሻይ እየጠጡ ይጠብቁ። የማይፈቅድ ሱቅ ካለ ምክንያት አለው።

ዝም_ያለ_አንባቢ

ስለ መያዝስ? ታክሲ ውስጥ አራት የምንቀመጥበት ወንበር ላይ ቦርሳዬን ጭኔ ላይ አድርጌ ስክሪኔ ተሰነጠቀ።

የቦርድ_ሐኪም

ስክሪን የሚሰብረው አብዛኛውን ጊዜ ከውጭ የመጣ ምት አይደለም፤ ግፊት ነው። ቦርሳው ውስጥ ቻርጀሩ ከላፕቶፑ ክዳን ጋር ተያይዞ ይቀመጣል፣ ከኋላ የተቀመጠው ሰው ጉልበት ይጨምርበታል፣ በቃ። ቻርጀሩን ለብቻው ኪስ አድርገው፣ የክዳኑን ጎን ወደ ጀርባህ አዙረው። ኢርፎን ወይም እስክሪብቶ ኪቦርዱ ላይ ረስተህ ክዳኑን አትዝጋ።

ማኪያቶም ቢፈስብህ እንዳትበረግግ። ቻርጀሩን ንቀል፣ የመክፈቻውን ቁልፍ ተጭነህ አጥፋ፣ ገልብጠው፣ አምጣው። ቲንክፓዱ ላይ ከኪቦርዱ ወደ ታች ውኃ የሚያወጣ ቀዳዳ ስላለው ዕድል አለህ። ስኳር ያለው ከሆነ ግን "ደርቋል፣ ይሠራል" ብለህ አትቀመጥ። ስኳሩ ቦርዱን ቀስ እያለ ይበላዋል። ፀሐይ ላይ አታስጣው፣ ሩዝ ውስጥም አትቅበረው።

ሰኔ_ሠላሳ

ሄጄ መጣሁ። ልቤ ቲ480 ላይ ነበር፣ ያገኘሁት ግን ያ ደካማው ስክሪን ነበረው፤ ባትሪውም ከግማሽ በታች። ሌላ ሱቅ ደግሞ ሪሴት አላስደርግም አለኝና ወጣሁ። በመጨረሻ 7490 ወሰድኩ። አይ5-8350ዩ፣ ባለ60 ባትሪ፣ ሪፖርቱ ላይ ከ80 በመቶ በላይ ቀርቷል። ሆትስፖት ከፍቼ ሪሴት ሲሆን ሻጩ "ቢሮ ልትከፍቺ ነው እንዴ" ይለኛል። ራሙ 8 ነው፣ አንድ ቺፕ። ገመዱንም ቀየርኩ።

አንድ ነገር ብቻ፤ 16 ላድርገው ብዬ ስጠይቅ አንዱ "ያንን አውጥተን ባለ16 አንድ እንስካ" አለኝ፣ ሌላው "ባለ8 ጨምሪበት" አለኝ። የቱ ይሻላል?

የቦርድ_ሐኪም

ባለ8 ጨምሪበት። ሁለት ሲሆኑ ራሙ በሁለት መስመር ይሠራል፤ የራሱ ግራፊክስ የሌለው ማሽን ራሙን ስለሚጋራ ሁለት መስመሩ ይጠቅመዋል። ያለሽንም አትጥዪም። ዲዲአር4 መሆኑን እዪ፣ ለላፕቶፕ የሚሆነውን አጭሩን።

ሲሰኩልሽ አጠገባቸው ቁሚ። ያንቺን አውጥቶ ሌላ የሚመልስ አለ።